ኮምፒውተራችንን ማን ነካው?

ነገሩ የጀመረው በ2016 ዓ.ም. ሚያዝያ ውስጥ፣ ሰኞ ጠዋት ነው። አምስት ሆነን ኪራይዋን የምንካፈላትንና ጽሑፋችንን የምናሰናዳባትን ክፍል ከፍተን ገባን። ቡና የሚያፈላው አፈላ፣ ስልኩ ላይ የሚያፈጠው አፈጠጠ፣ ኮምፒውተሩን የሚያስነሳው አስነሳ። ኮምፒውተሩ ግን እንደወትሮው አልተነሳም። በራ፤ ጠፋ፤ ማንም ሳይነካው መልሶ በራ። ማራገቢያው እንደ ወፍጮ አጓራ። ከዚያ ጥቁሩ ስክሪን ላይ ሁለት ሦስት መስመር የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ወጣና ከሥሩ “ለመቀጠል ኤፍ ዋንን ተጫን” አለ። ተጫንን። (ማን ያነባል? እኛ አንባቢ የምንፈልግ እንጂ የምናነብ ሰዎች አይደለንም።) አንዳችን ግን ከመጫናችን በፊት ለማንኛውም ብሎ በስልኩ ፎቶ አነሳው። ይህቺን ፎቶ አስታውሱልን፤ እንመለስባታለን።

እንደምንም ከተነሳ በኋላ ደግሞ ኢሜይል አልከፍት አለ። ሰዓታችሁ ወደ ኋላ ቀርቷል ይላል። ታች ጥጉ ላይ ያለውን ቀን አየነው፦ 1/1/2016።

እዚህ ላይ ቆም በሉልን። ኮምፒውተራችን የሚያውቀው የፈረንጅ ዘመን ብቻ ነው፤ በፈረንጅ ደግሞ ያኔ 2024 ነበር። 2016 የእኛ ዓመት ነው። 1/1/2016 ማለት መስከረም 1 ቀን 2016፣ እንቁጣጣሽ ማለት ነው! ቫይረስ የሐበሻን ዘመን አይቆጥርም። ስለዚህ ይህን ቁጥር ያስገባው የሰው እጅ ነው፤ እጁም የአገር ልጅ እጅ ነው። የደረስንበት ድምዳሜ ይህ ነበር፤ ለመድረስ የፈጀብንም አንድ ስኒ ቡና ነው።

ሰዓቱን አስተካከልነው። ማክሰኞ ሰላም ዋለ። ረቡዕም ሰላም። ሐሙስ ጠዋት ያው ትዕይንት፦ በራ፣ ጠፋ፣ በራ፣ ኤፍ ዋን፣ እንቁጣጣሽ። በሚቀጥለው ሳምንትም እንዲሁ አንዳንድ ቀን ይረሳል፣ አንዳንድ ቀን ያስታውሳል። ይባስ ብሎ አንድ ቀን ሲነሳ ሃርድ ዲስኩን ትቶ ከኔትወርክ አንድ ነገር ሊያወርድ ሲሞክር በዓይናችን አየን። ሃርድ ዲስኩን ፎርማት አስደረግነው። አልተሻለውም። ከመካከላችን ኢንተርኔት ላይ የሚያድረው ልጅ ያን ጊዜ “ፈርምዌር” የምትለውን ቃል ይዞ መጣ።

ፈርምዌር ማለት፣ ለማያውቅ (እኛም እስከዚያ ሳምንት ድረስ አናውቅም ነበር)፣ ማዘርቦርዱ ላይ በተተከለች አንዲት ቺፕ ውስጥ የሚኖር ፕሮግራም ነው። ባዮስ የምንለው እሱ ነው፤ አዲሱ ዝርያው ዩኢኤፍአይ ይባላል። የግቢ ዘበኛ በሉት። ከሁሉ ቀድሞ የሚነቃው እሱ ነው፤ በሩን ከፍቶ ዊንዶውስን የሚያስገባው እሱ ነው። ጸረ ቫይረሱ ከመጣ በኋላ የቤቱን ክፍሎች ሁሉ ቢፈትሽም ማታ በሩን የከፈተውን ሰውዬ የሚጠይቅበት መንገድ ብዙ ጊዜ የለውም። ዘበኛው ከሌባው ጋር ከተስማማ የቤቱን ዕቃ በሙሉ አውጥተህ አዲስ ብታስገባ ዋጋ የለውም። ፎርማት የሚባለው ነገር ከዘበኛው ጎጆ አይደርስምና።

እንግዲህ ፎርማት ያልፈወሰው በሽታ፣ የሐበሻ ዓመተ ምሕረት፣ ከኔትወርክ የሚጎትት አነሳስ። ሁሉም ገጠመልን። የቀረው እጁን ማግኘት ነበር።

እጁንም አገኘነው። “ኢንጂነሩ” እያልን የምንጠራው ወዳጃችን ነው (ኢንጂነር አይደለም፤ የተማረው አካውንቲንግ ነው፤ ግን ከመካከላችን ብሎን የሚፈታ እሱ ብቻ ነው)። ከወር በፊት ኮምፒውተሩን ከፍቶ ራም የጨመረለት እሱ ነው። ይህ አንድ። ሁለተኛው ደግሞ የከፋ ነው፦ ቀን ቆጠርን። ኮምፒውተሩ ዘመኑን ረስቶ ባደረባቸው ሌሊቶች ሁሉ ማታ ላይ ክፍሏን ቆልፎ የወጣው የመጨረሻው ሰው እሱ ነበር። ሁሉንም! አንድም አልሳተም። ከእኛ አንዳችን ዘግተን በወጣንባቸው ቀናት ኮምፒውተሩ ጤነኛ ነው።

ከመካከላችን አንዷ “ለምን ራሱን አንጠይቀውም?” አለች። “ከጠየቅነውማ ይነቃል” አልናት። ይህን ዓረፍተ ነገር አሁን ስንጽፈው እጃችን ያፍራል። እሱ የሌለበት ሌላ የቴሌግራም ግሩፕ ከፈትን። የይለፍ ቃሎችን ቀየርን። ያቺን የስክሪን ፎቶ “ማስረጃ 1” ብለን አዲሱ ግሩፕ ላይ ለጠፍናት። እሱ ሲገባ ወሬ እንለውጣለን፤ ስለ ኳስ እናወራለን፤ ከእኛ ውስጥ ደግሞ ኳስ የሚያይ የለም።

ኮምፒውተሩ ውስጥ ያለው የእኛ ጽሑፍ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባልተንገበገብን ነበር። ጽሑፋችንን የሚሰርቅልን ካገኘንማ ምርቃታችን ነው፣ ቢያንስ ያነበዋል። ነገር ግን ስማችን አይውጣ ብለው፣ አምነውን ያናገሩን ሰዎች ድምፅ አለበት። አለቃዋ ያደረጋትን የነገረችን ልጅ አለች። ልጆቿ እንዳይሰሙ ኩሽና ገብታ በሹክሹክታ ያወራችን እናት አለች። የእነዚያ ሰዎች ነገር ነው እንቅልፍ የነሳን። ይህን የምንለው ለራሳችን ሰበብ ለማቅረብ ብቻ አይደለም፤ ግማሹ እውነት ነው።

ደግሞም ጥርጣሬ ከሰማይ አልወረደብንም፤ ተምረነው ነው። ሰነድም አለው። በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ሲቲዝን ላብ እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው ጥናት ፊንስፓይ የተባለው የስለላ ሶፍትዌር የግንቦት 7ን ፎቶዎች ማጥመጃ አድርጎ ይላክ እንደነበር አሳየ። በዚያው ዓመት ዲሴምበር 20 ቀን በሁለት ሰዓት ውስጥ ሁለት የኢሳት ሠራተኞች ላይ ሦስት ጊዜ የጠለፋ ሙከራ ተደረገ፤ መሣሪያው ሃኪንግ ቲም የተባለ የሚላን ከተማ ኩባንያ ሥሪት ነበር። ሜሪላንድ የሚኖር፣ በኢትዮጵያ የተወለደ አሜሪካዊ የስካይፕ ንግግሩና የቤተሰቡ ኢሜይል ሳይቀር ሲቀዳ መክረሙን ደርሶበት፣ “ኪዳኔ” በሚል መጠሪያ ብቻ በ2014 የኢትዮጵያን መንግሥት እዚያው አሜሪካ ከሰሰ፤ የይግባኙ ፍርድ ቤት በ2017 ድርጊቱ ሙሉ በሙሉ በአሜሪካ ምድር የተፈጸመ ስላልሆነ መንግሥትን መክሰስ አይቻልም ብሎ ዘጋበት። በዚያው 2017 ዲሴምበር ደግሞ የአዶቤ ፍላሽ ማሻሻያ መስሎ የሚገባ፣ ሳይበርቢት የተባለ የእስራኤል ኩባንያ ሥሪት ተገኘ።

ለእኛ ጉዳይ ዋናው ግን የ2015ቱ ነው። በዚያ ዓመት ጁላይ ላይ ሰላዩ ተሰለለ፦ ሃኪንግ ቲም ራሱ ተጠልፎ 400 ጊጋባይት የሚሆን ገበናው ኢንተርኔት ላይ ተበተነ። ከደንበኞቹ ዝርዝር ውስጥ ያኔ ኤጀንሲ ይባል የነበረው የእኛው ኢንሳ ተገኘ። ከተበተነው ውስጥ ደግሞ ትሬንድ ማይክሮ የተባለው የደኅንነት ኩባንያ አንድ ነገር ለቅሞ አወጣ፦ ባዮስ ውስጥ የሚቀበር መሣሪያ። ዊንዶውስን ብትጭነው፣ ሃርድ ዲስኩን አውጥተህ ብትጥለው፣ ኮምፒውተሩ በተነሳ ቁጥር ሰላዩን መልሶ ይተክለዋል። ከኩባንያው በወጣው ሰነድ መሠረት ለመጫን ኮምፒውተሩን በእጅ ማግኘት ያሻ ነበር። በእጅ! ይህን ያነበብን ቀን የኢንጂነሩ መፍቻ ትዝ አለን።

እንዳለ ግልብጥ አድርገን አነበብነው እንጂ ልብ ብንል ኖሮ እዚያው ሰነድ ውስጥ ሌላ ነገርም ነበር። ከላይ የደረደርናቸውን ጉዳዮች መልሳችሁ እዩዋቸው። አንዱ በፎቶ ገባ። ሌላው ፒዲኤፍ በሚመስል ፋይል። ሜሪላንድ የገባው በወርድ ሰነድ። የመጨረሻው በውሸት ማሻሻያ። በፈርምዌር የገባ ከመካከላቸው የለም። ለምንስ ይግባ? ክፍል ሰብሮ፣ ብሎን ፈትቶ፣ ለእያንዳንዱ የማዘርቦርድ ዓይነት ተጠብቦ ከመቅበር “የስብሰባው ቃለ ጉባኤ ተያይዟል” ብሎ አንድ ኢሜይል መላክ አይረክስም? እኛ አምስት ልጆች ነን። ለእኛ የሚበቃን የኢሜይሉ ነው። ፈርምዌሩ ይገባናል ብለን ማሰባችን ራሱ ትንሽ ትዕቢት ነበረበት፤ ሰላይ የሚደክምለት ሰው መሆን ደስ ይላል።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ኮምፒውተሩን ተሸክመን ሜክሲኮ አካባቢ ወደምትገኝ አንዲት ጠባብ የጥገና ሱቅ ሄድን። (ከኢንጂነሩ ተደብቀን፣ እሑድ ቀን።) ጠጋኙ ጋሼ ታሪካችንን ከእንቁጣጣሽ ጀምሮ እስከ ሚላን ድረስ በትዕግሥት አዳመጡን። ከዚያ ክዳኑን ከፈቱ፣ ማዘርቦርዱ ላይ ካለችው ሳንቲም መሳይ ክብ ባትሪ ላይ የመለኪያቸውን ሁለት ጫፍ አሳረፉ። ሦስት ቮልት ማለት የነበረበት ሁለት እንኳ አልሞላም።

“ይቺ ናት” አሉ። “ሰዓቱን የምትይዝለት። ሞታለች።”

“2016ስ?” አልናቸው።

“ምን 2016?”

“ዓመተ ምሕረቱ! የእኛ ዘመን ነው እኮ!”

ሳቃቸውን እንደምንም ዋጡት። ኮምፒውተር ሰዓቱ ሲጠፋበት ፋብሪካ ውስጥ ፈርምዌሩ ላይ ወደተጻፈለት መነሻ ቀን ይመለሳል። የእኛው መነሻ ጃንዋሪ 1 ቀን 2016 ነበር። ሌላ ማዘርቦርድ ቢሆን 2009 ወይም 2020 ይል ነበር፣ እኛም ሌላ ትንታኔ እንፈልግ ነበር። ከሰዓቱ ጋር የራሱን ማስተካከያዎችም ስለሚረሳ ነው ቅድሚያ ከኔትወርክ ልነሳ የሚለው። ደርቦ የሚነሳውም ለዚያው ነው።

“አንዳንድ ቀን ብቻ ነው የሚረሳው፣ ሁልጊዜ አይደለም” አልን፤ አሁንም የመጨረሻውን ክራችንን እንደያዝን።

“ማታ ከሶኬት የሚነቅለው ሰው አለ?”

ዝም አልን።

ዴስክቶፕ ኮምፒውተር ዘግተኸው እንኳ ከሶኬት እስካልነቀልከው ድረስ ትንሽ ኃይል ከግድግዳው ይስባል። ባትሪው ሞቶ እንኳ ሰዓቱ በዚያች ኃይል ይኖራል። ሲነቀል ያኔ ይረሳል። ከአምስታችን ማታ ሲወጣ ከሶኬት የሚነቅል አንድ ሰው ብቻ ነው። መብራት ሄዶ ሲመለስ የጎረቤታችንን ፍሪጅ ካቃጠለ ወዲህ “ይኼ ኮምፒውተር የሁላችንም ነው፣ እየነቀላችሁ ውጡ” እያለ ስንት ጊዜ ለፍልፎልናል። እኛ ሰምተነው አናውቅም፤ መብራቱም በእነዚያ ሁለት ሳምንታት ሌሊት ላለመጥፋት የማለ ይመስል ነበር። እናም ያ ሁሉ አንድም ያልሳተ ቆጠራችን፣ ያ ሁሉ ማስረጃ፣ የሰውየው ጥንቃቄ መዝገብ ነበር።

ባትሪዋ ተቀየረች። ዋጋዋ ከአንድ ማኪያቶ ብዙም አይርቅም።

ነገር ግን ከሱቁ ሳንወጣ አንድ ነገር አየን፤ ይህን ጽሑፍ የጻፍነውም ለሱ ስንል ነው። እኛ እዚያ አፍረን ቆመን ሳለ አንድ ወጣት ላፕቶፕ ይዞ ገባ። ከውጭ የመጣ ያገለገለ ዕቃ ነው፤ ሲነሳ የማያውቀውን የባዮስ ይለፍ ቃል ይጠይቀዋል። ጋሼ ላፕቶፑን ገልብጠው ከፈቱ፤ ስምንት እግር ያላት ቺፕ ላይ እንደ ልብስ መስቀያ ቆንጣጭ ያለች ነገር ነከሱባት፤ ሌላኛውን ጫፍ ከራሳቸው ኮምፒውተር ጋር አገናኙ፤ ከቺፑ ላይ የነበረውን ጠርገው ሌላ ፋይል ጻፉበት። አሥር ደቂቃ አልፈጀም። ላፕቶፑ ተነሳ። ልጁ መረቃቸው፣ ከፈለ፣ ሄደ።

“ጋሼ፣ ፋይሉን ከየት አመጡት?”

“ቴሌግራም ላይ ቻናል አለ። የሁሉም ሞዴል አለ።”

እንግዲህ ፈርምዌር ሲነካካ ለመጀመሪያ ጊዜ በዓይናችን ያየነው ያን ቀን ነው። ቀን በቀን፣ በተከፈተ በር፣ በባለቤቱ ፈቃድ፣ በክፍያ። ለሁለት ሳምንት በጨለማ የፈለግነው የተደበቀ እጅ ፊት ለፊታችን ቆሞ ሒሳብ ይቀበል ነበር። ጠጋኙን ልንከስ አይደለም፤ እሳቸው የተጠየቁትን ሠሩ፤ ያ ልጅም ለገዛ ንብረቱ መክፈቻ ከየት ያምጣ? እኛም በእሱ ቦታ ብንሆን እናደርገው ነበር። ጥያቄያችን ሌላ ነው፦ ያንን ፋይል መጀመሪያ ከየት ቀድቶ ማን ጫነው? በውስጡስ ከባዮሱ ሌላ ምን አለ? ጋሼ አያውቁም። ልጁ አልጠየቀም። ላፕቶፑ የባንክ መተግበሪያ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የእጮኛው ፎቶ የሚገባበት ዕቃ ነው። ዘበኛውን አባረን ስሙን የማናውቀውን ሰው ቀጠርን፤ ዋስ እንኳ አልጠራንም። ለቤት ሠራተኛ ዋስ የሚጠይቅ ከተማ ነው ይህ!

ያገለገለ ዕቃ ደግሞ የራሱ ታሪክ ይዞ ነው የሚመጣው። ብዙ የቢሮ ላፕቶፖች ቢሰረቁ እንዲፈለጉ ተብሎ ከፋብሪካው ጀምሮ ፈርምዌራቸው ውስጥ ኮምፒውትሬስ የሚባል ተከታይ አለባቸው። እ.ኤ.አ. በ2014 ካስፐርስኪ ይኸው ተከታይ ባለቤቶቹ ሳያውቁት ነቅቶ የሚሠራባቸውን ኮምፒውተሮች ማግኘቱን ገልጿል። በ2018 ሴፕቴምበር ደግሞ ኢሴት የተባለው ኩባንያ ሎጃክስን ይፋ አደረገ፤ የዚያኑ ተከታይ ፕሮግራም አስመስሎ የተሠራ፣ ዩኢኤፍአይ ውስጥ የሚቀበር፣ በባልካንና በምሥራቅ አውሮፓ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ላይ የተላከ ነበር። ስለዚህ ፈርምዌር መነካካት ተረት አይደለም። እኛ የተሳሳትነው የት እንደምንፈልገው ነው።

ያገለገለ የምትገዙ ከሆነ (ማን አዲስ ይገዛል?) ብር ከመቁጠራችሁ በፊት እዚያው ሱቁ ውስጥ ባዮሱን ክፈቱት። ይለፍ ቃል ከጠየቃችሁ ሌላ ዕቃ ይታይላችሁ። ሰኪዩር ቡት የሚለው በርቶ እንደሆነ፣ ኮምፒውትሬስ የሚለውም ነቅቶ እንደሆነ እዩ። ባዮስ የግድ መጻፍ ካለበት ጠጋኙን ፋይሉን ከአምራቹ ድረ ገጽ እንዲያወርድ ጠይቁት፤ ለብዙ ሞዴሎች እዚያው በነጻ አለ፤ የኢንተርኔቱን ሒሳብ እናንተ ቻሉ። የኮምፒውተራችሁ ሰዓት ከጠፋ ደግሞ ከሚላን በፊት ባትሪዋን። ሃርድ ዲስክ ለውጣችሁ ያው የማታውቁት ፕሮግራም ተመልሶ ከመጣ፣ ወይም እናንተ ያበራችሁት ሰኪዩር ቡት ማንም ሳይነካው ጠፍቶ ካገኛችሁት፣ ባትሪውም ደህና ከሆነ፣ ያኔ ጠርጥሩ፤ ያኔ እኛንም ጥሩን።

ሰኞ ጠዋት ኢንጂነሩ ዘንድ ደወልን። የተለየ ግሩፕ እንዳለን ካወቀ ሰንብቶ ኖሯል፤ ለካ ስልኳን ጠረጴዛ ላይ የረሳችው አንዷ ስክሪኗ በርቶ ነበር። አልጮኸብንም። ሁሉንም ነገርነው፤ ባትሪውን፣ ሶኬቱን፣ ቆጠራችንን። ዝም ብሎ ሰማንና አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ።

“ስክሪኑ ላይ ምን ይል ነበር?”

አናውቅም። “ማስረጃ 1”ን ከፍተን አጉልተን አየናት። ከኤፍ ዋን በላይ ባለው መስመር፣ በግልጽ እንግሊዝኛ፣ የሰዓቱ ባትሪ ኃይል እንዳጣና ቀኑ እንዳልተሞላ ይናገራል። ከመጀመሪያው ሰኞ ጀምሮ ሲነግረን ነበር።

የክፍሏን ቁልፍ በአንዷ እጅ ላከልን። ድርሻውን የኪራይ ብርም እስከ ወሩ መጨረሻ ከፍሏል። ይህ ከሆነ ቆይቷል፤ ሰላም እንባባላለን፣ በበዓል እንደዋወላለን፣ ወደ ክፍሏ ግን አልተመለሰም። ማታ ማታ ከሶኬት የመንቀሉን ሥራ አራታችን ተራ ገብተንበታል።